ከፍሎ መሸከም

ሮቤ ውስጥ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ዛሬ ሶፋና ቁም ሳጥን የሚሸጥበት አንድ ሰፊ የቆርቆሮ ቤት አለ። ባለፍኩ ቁጥር ሻጩ «ግቢ እህቴ፣ ማየት በነፃ ነው» ይለኛል። አንድ ቀን ገባሁና ወለሉን ብቻ አይቼ ወጣሁ። ሰውዬው ምን ነካት ብሎ ይሆናል። ምን ያውቃል እሱ! ሶፋውን በላስቲክ ሸፍኖ የደረደረበት ቦታ ላይ እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያልሳቅኩትን ሳቅ ስቄበታለሁ።

ቤቱ መጀመሪያ የስንዴ መጋዘን ነበር። በኋላ ያረጀ የመኪና ጎማ እየተቆረጠ ወለሉ ላይ ተነጠፈበትና ጂም ተባለ። ቀኑን ሙሉ የወንዶች ነበር። ጠዋት፣ ከቢሮ መግቢያ በፊት ያለችው ሰዓት ብቻ የሴቶች ነበረች። ያቺን ሰዓት እወዳት ነበር፤ አሁንም ትናፍቀኛለች። የሮቤን የጠዋት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ብረቱን ስትይዢው እጅሽን ያቃጥልሻል። ግድግዳው ገና ስንዴ ስንዴ ይሸታል። ዝናብ የጣለ ቀን ቆርቆሮው ሲንጫጫ አሰልጣኛችን ብትጮህም አንሰማትም፤ ያልሰማን መምሰልም ይመቸን ነበር።

እኔ ያኔ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ወገቤን ሲቆርጠኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ክኒን ትሰጠኛለች ስል «ተነሺ፣ ተንቀሳቀሺ፣ ጀርባሽን አጠንክሪ» ብላ አሰናበተችኝ። ተናድጄ ወጣሁ። በዚያው ንዴት ጂሙ በር ላይ «ሴቶችም» የሚል ጽሑፍ አየሁና ገባሁ። ብዙ ነገር በሕይወቴ የጀመርኩት ተናድጄ ነው።

አሰልጣኛችን የስፖርት አስተማሪ ነበረች፤ የጎባ ልጅ፣ አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ቁጡ። በልጅነቷ ለውድድር ብረት አንስታለች። ሁላችንም «ቲቸር» ነበር የምንላት። ከኮምባይነር ጋራዥ የተጣሉ የብረት ጥርሶችን ለምና አምጥታ፣ ዘንግ ላይ እየሰካች እነሱን ነበር የምታስነሳን። ላብ ብቻ የሚያወጣ ቀላል እንቅስቃሴ የፈለገች ሴት ከመጣች «ለሱ ለሱ ቤትሽን ጥረጊ» ብላ ትመልሳታለች። ከባድ ነው የምታስነሳው፤ ከባድ! ከመሬት ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ ላይ፣ ከዚያ ዷ! አድርጎ መልቀቅ። መጀመሪያ ጊዜ ያን ብረት ከራሴ በላይ አድርጌ የቆምኩ ቀን፣ ለካ እኔም ሰውነት አለኝ አልኩ። እስከዚያ ድረስ ልብስ መስቀያ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከተማው ግን ዝም አላለንም። «ጢም ታበቅላላችሁ» ያሉን አሉ። «ማህፀናችሁ ይወርዳል» ያሉን ደግሞ ራሳቸው ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ውሃ በጀርባቸው አዝለው የሚሄዱ ሴቶች ናቸው። ጀሪካኑ ማህፀን አያወርድም መሰለኝ!

የእኛ ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነበር። በእኛ አገር ሸክም የከበደውን ሰው ቆሞ ማየት ነውር ነው። እንጨት የተሸከመች ሴት ለማረፍ ሸክሟን መንገድ ዳር ካወረደች ብቻዋን መልሳ አታነሳውም፤ ያለፈውን ሁሉ «አሸክሙኝ!» ትላለች። ባለ ሱፍም ቢሆን፣ ሙሽራም ቢሆን፣ ቆሞ ያሸክማታል። አላሸክምም ያለ ሰው እስካሁን አላየሁም። እንግዲህ እንዲህ ሆነን ያደግን ሴቶች ጂም ገባን። አንዷ ብረቱን ደረቷ ላይ ይዛ ከቁጢጥታ ለመነሳት ጉልበቷ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ያለነው ሁሉ «ወይኔ!» ብለን ተንጋግተን ብረቱን እንይዝላታለን። አንዷም ብቻዋን አንስታ አትጨርስም።

ቲቸር በዚህ ታብድ ነበር። «እጃችሁን ሰብስቡ! ማን ያዙላት አላችሁ?»

አንድ ቀን ቅቤ ነጋዴዋ መለሰችላት። ይቺ ሴት ከገበያ በፊት በጠዋት የምትመጣ፣ በሂጃቧ ላይ የወንድ ጃኬት የምትደርብ፣ ብረት ከማንሳቷ በፊት «ቢስሚላሂ» ብላ መዳፏ ላይ እፍ የምትል፣ ቀልድ የማያልቅባት ሴት ናት። «ቲቸር፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል አልሰማሽም?» አለቻት።

«እዚህ ቤት ጌጥ አልፈልግም! ሸክሙን ነው የምፈልገው!» አለች ቲቸር። ከሳቃችን የተነሳ የዚያን ቀን ማንም ምንም አላነሳም።

ከዚያ በኋላ ሕግ ወጣ፤ አንዷ ስታነሳ ሌሎቻችን እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን እንድንቆም። በአፍ ብቻ ማገዝ ተፈቀደ። «ጀባዱ!» እንላለን በኦሮምኛ፣ በርቺ ማለታችን ነው። «አይዞሽ!» እንላለን። እጅ ግን የለም። ቅቤ ነጋዴዋ የራሷን ጡጫ አፏ ውስጥ ከትታ ስትነክስ አይቻታለሁ።

እናቴ የምሠራውን አታውቅም ነበር። ጠዋት የምወጣው ለቢሮ ሥራ ይመስላታል። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለምሳ እጇን ሳስታጥባት፣ ድንገት መታጠቡን ትታ መዳፌን ያዘችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«መጁ ነዋ! ለኔ መጅ ልታስተምሪኝ ነው? ይሄ የእስክሪብቶ መጅ አይደለም።»

ነገርኳት። ብረት እንደማነሳ፣ ከባድ እንደሆነ፣ እንደምወደው ነገርኳት። ሰማችኝና «ማነው የሚያሸክምሽ?» አለችኝ።

«ማንም። ራሴ ነኝ።»

«ስንት ይከፍሉሻል?»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ የምከፍለው።»

«ከፍለሽ?» አለች። «ከፍለሽ ትሸከሚያለሽ? በስመአብ ወወልድ!» አማተበች። ሁለተኛም አማተበች። «ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ጠጅ ይጠጣል፣ ገንዘቡን አውጥቶ ጫት ይቅማል፣ ይሄስ ይሁን። ገንዘቡን አውጥቶ የሚሸከም ግን ካንቺ በቀር አልሰማሁም።»

ልስቅ ነበር፤ ፊቷን አይቼ ተውኩት። እናቴ እንጨት ተሸካሚ ነበረች። ጎባ ሳለን፣ እኔ ልጅ ሆኜ፣ ከከተማው በላይ ካለው ጫካ እየወረደች ትሸጥ ነበር። በሳነቲ ተራራ ብርድ፣ በጭቃ፣ ጎንበስ ብላ፣ ገመዱ ደረቷ ላይ ተሻግሮ። እኔ ደብተር ይዤ የሄድኩት በዚያ ጀርባ ነው። ሮቤ የገባነውም ሥራ ይዤ «ከእንግዲህ ይበቃሻል» ካልኳት በኋላ ነው።

«እኔ እኮ የተሸከምኩት አንቺ እንዳትሸከሚ ነው» አለችኝ። ምሳውን ሳትነካው ተነሳች።

ይሄ ነገር አንጀቴን በላው። ግን እኔም የእሷው ልጅ ነኝ፣ ግትር ነኝ፤ በማግስቱ ጠዋት ጂም ሄድኩ። እሷም አኮረፈች። የእናቴ ኩርፊያ አያድርስ ነው። ምግብ ትሠራልሻለች፣ ልብስሽን ታጥፍልሻለች፣ ግን ድመቷን እንጂ አንቺን አታናግርም። «ድመቴ፣ በልተሽ ስትጨርሺ ሳህኑን አንሺ» ትላለች፤ ሳህኑን የማነሳው እኔ ነኝ።

እንዲህ ሆነን ሳለ ጎባ ውድድር አለ ተባለ። ያሸነፈች አዳማ ትሄዳለች። ሴቶቹ በአዳማ አበዱ፤ እኔም ደስ አላለኝም አልልም። በልቤ የያዝኩት ግን ሌላ ነበር። እናቴ አንድ ጊዜ መጥታ እንድታየኝ ፈለግሁ፣ በቃ። ይሄ እንደ እንጨቱ እንዳልሆነ በአፌ ላስረዳት ሞክሬ አልቻልኩም። ካየችው ግን ይገባታል አልኩ። ካላየችው ደግሞ ሜዳሊያውን ለማን ላሳየው ነው? ለድመቷ?

«አንድ ቀን ብቻ ነይና እዪኝ» አልኳት።

«ሞቼ እገኛለሁ!» አለች። ቢያንስ ያን ቀን ለድመቷ አላለችውም።

የውድድሩ ቀን አዳራሹ ጢም ብሏል። ከፊት የትምህርት ቤት ልጆች ይጮኻሉ፣ ከኋላ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ምን ጉድ ነው ብለው ተቀምጠዋል። ለእያንዳንዳችን ሦስት ሦስት ዕድል ተሰጠን። የመጀመሪያውን አበላሸሁ። ሁለተኛውንም አበላሸሁ። ለምን? ዓይኔ በሩ ላይ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ነጠላ ያደረገች ሴት ሁሉ እናቴ ትመስለኛለች። ቲቸር መጥታ አገጬን ያዘችና ፊቴን ወደ ብረቱ መለሰችው። «አልመጣችም። በቃ። ያለሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ። ክፉ ናት፣ ግን እውነቷን ነው። እሺ ካልመጣች ትቅር ብዬ ሦስተኛውን ያዝኩ።

ብረቱ ከመሬት ለቀቀ። ደረቴ ላይ ተቀበልኩትና ከስሩ ቁጢጥ አልኩ። አሁን መነሳት ነው። ተነሳሁ፣ ተነሳሁ፣ መሃል ላይ ስደርስ ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይሄን መንቀጥቀጥ አውቀዋለሁ፤ አልፌው አውቃለሁ። ሴቶቻችን «ጀባዱ! ጀባዱ!» ይላሉ። ልቆም ትንሽ ሲቀረኝ ብረቱ በቀኝ በኩል ቅልል አለኝ። ዞር ብዬ ሳይ ጠይም፣ መጅ የወረሰው እጅ ዘንጉን ጨብጦታል።

«አይዞሽ ልጄ! መጣሁልሽ! ያዝኩልሽ!»

እናቴ ናት። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ፣ አንድ ጫማዋ የሆነ ቦታ ቀርቶ፣ መድረኩ ላይ ወጥታ ብረቱን ይዛልኛለች። ልልቀቀው ብል እግሯ ላይ ነው የሚወርደው። ምን ላድርግ? «ቀስ በይ እማዬ» አልኳት፤ እሷ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው፣ ቀስ አድርገን መሬት አስቀመጥነው።

ዳኛው ፊሽካውን ይዞ መጣ። «እናቴ፣ ምን ነካዎት? ነኩት እኮ! ተበላሸ!»

እናቴ ወገቧን ያዘች። «አንተ ነህ ምን ነካዎት የምትለኝ? የሰው ልጅ ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ ይሄ ሁሉ ወንድ ቆሞ ያያል? አንድ አሸካሚ ጠፍቶ? ምነው፣ እናት አልወለደቻችሁም?»

ከኋላ የተቀመጡት ባልቴቶች «እውነቷን ነው! እውነቷን ነው!» አሉ። ዳኛውም ያው የባሌ ልጅ ነው፤ ፊሽካውን ወደ አፉ ወሰደው፣ መለሰው። «ልክ ነዎት እናቴ፣ ልክ ነዎት፤ ግን...» አለና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ቀዩን ባንዲራ አነሳ። ቅቤ ነጋዴዋ በሂጃቧ ጫፍ አፏን አፍና፣ ከሳቋ የተነሳ እንባዋ ይፈሳል። አዳማ ቀረ።

በሚኒባስ ወደ ሮቤ ስንመለስ ደሜ ፈልቷል። እሷ ከጎኔ፣ እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ። ስንዴው ወርቅ ሆኖ ነበር፤ አላየሁትም።

«ተቆጣሽ?» አለችኝ።

«ላይሽ ነበር የመጣሁት» አለች። «በሩ ላይ ስደርስ ስምሽ ሲጠራ ሰማሁ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩት፤ ሳላይ ይለፍልኝ ብዬ። አንዴ ገለጥ ባደርገው እግርሽ ይንቀጠቀጣል። ያ እግር እኮ የኔ እግር ነው። አውቀዋለሁ።»

መስኮቱን በእጅጌዬ ጠረግሁት።

«እንጨት ሲሸከሙ ከባዱ መሸከሙ አይደለም» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ከፊታችን ላለው ወንበር የምታወራ ይመስል። «ማውረዱ ነው። አንዴ ካወረድሽው ማን መልሶ ያሸክምሻል? መንገዱ ላይ ሰው ካለ ታወርጃለሽ፣ ታርፊያለሽ። ሰው ከሌለ አታወርጂም። አንቺን አርግዤ አንድ ቀን ደመና ነበር፣ መንገዱ ጭር ብሏል። እዚያ ቋጥኝ ጋ አርፋለሁ ስል ሰው የለም፤ ወንዙ ጋ ስል ሰው የለም። ሰው ይምጣ፣ ሰው ይምጣ እያልኩ፣ ጎባ ገባሁ። ሆዴ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ሞተሽ ነው ብዬ ነበር እኮ።»

ይሄን ነግራኝ አታውቅም። ንዴቴ በአንድ ጊዜ ወጣ ብል ውሸት ነው፤ ሦስት ወር የለፋሁበት ነው። ግን እጇን ያዝኩት። ሮቤ እስክንደርስ አልለቀቅኩትም።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ለብሳ ጠበቀችኝ። የገብስ ቆሎ በፌስታል ይዛለች። «አስተማሪሽን ይቅርታ ልጠይቅ» አለች። አይሆንም ብል የምትሰማኝ ይመስላችኋል?

ጂሙ ውስጥ ስንገባ ሴቶቹ ሁሉ ተነስተው ቆሙ። ቲቸር፣ ያቺ ቁጡ፣ ጎንበስ ብላ የእናቴን ጉልበት ልትስም ነበር፤ እናቴ ከለከለቻት። «አጥፍቻለሁ። ሕጋችሁን አላወቅሁም» አለች። ቆሎውን ሰጠቻት። ከዚያ ዞር ዞር ብላ ዕቃውን ሁሉ አየችና «ይሄ የኮምባይነር ጥርስ አይደል እንዴ? ገንዘቧን የምታወጣው ለዚህ ነው?» አለች። ቅቤ ነጋዴዋ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ይሞክሩት እናቴ» አለች ቲቸር፣ ትንሹን ዘንግ በእግሯ ወደፊት እያንከባለለች።

እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ዘንጉን ያዘችው። ማንም አላስተማራትም፤ ጀርባዋ ቀጥ እንዳለ፣ በእግሯ ገፍታ ደረቷ ላይ አደረሰችው። እኛ ይቺን ለመልመድ ስንት ወር ፈጀን! ሁላችንም እልል ልንል ነበር፤ እሷ ግን ብረቱን ደረቷ ላይ እንደያዘች ቀኝ ታያለች፣ ግራ ታያለች።

«እሺ፣ ማን ይቀበለኛል?»

«ማንም» አለች ቲቸር። «ይልቀቁት።»

«ልልቀቀው? እንዲሁ?»

«እንዲሁ።»

«ወለሉስ?»

«ወለሉ ለዚሁ የተሠራ ነው እናቴ።»

አልለቀቀችውም። ክንዷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እጄ ሊሄድ ሲል በሌላኛው እጄ ያዝኩት። የትናንቷ እናቴ ያኔ ገባችኝ፤ ቆሞ ማየት እንዴት ይከብዳል! እሷ ታየኛለች፣ እኔም አያታለሁ። «ልቀቂው እማዬ» አልኳት። «እንደገና ማንሳት ስትፈልጊ ታነሺዋለሽ። ሲያሻሽ።»

ለቀቀችው። ዷ! አቧራው ተነሳ፣ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። እናቴ ወደ ኋላ ዘለለች። የሚቆጣት ሰው ያለ ይመስል ዙሪያዋን ቃኘች። ማንም አልተቆጣትም። ከዚያ ባዶ እጇን አየችው፣ ገለበጠችው፣ መልሳ አየችው።

«ይጣላል ለካ!» አለች።

አፏን በመዳፏ ያዘች። የምታለቅስ መሰለኝ፤ ልጠጋት ስል እየሳቀች ነው። እየሳቀች ታለቅሳለች። እኔም ጀመረኝ፣ ቅቤ ነጋዴዋም ጀመራት። ቲቸር ዝናብ እንደሌለ እያወቀች ቆርቆሮውን ቀና ብላ ታያለች።

እናቴ እንባዋን ጠረገችና ጎንበስ አለች። አነሳችው። ዷ! ደግሞ አነሳችው። አሁንስ ደረቷ ጋ ማድረሱንም ተወችው፤ ወገቧ ላይ ስታደርሰው ትለቀዋለች። ዷ! የቢሮ ሰዓት ደረሰ፣ ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ ሥራቸው ወጡ፣ ለወንዶቹ ሰዓት የመጡት በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። እኔ አርፍጃለሁ። «እማዬ፣ በቃ እንሂድ» አልኳት።

«ቆይ» አለችኝ፣ ዘንጉን እያነሳች። «ቆይ እስቲ፣ አንድ ጊዜ ልጣለው።»